ሁለት ሃሞክና አንድ ድንኳን

እኔ የትም ቦታ እንቅልፍ የሚወስደኝ ሰው ነኝ። ከኦክላንድ ሪችመንድ የሚመላለስ አውቶቡስ ነው የምነዳው። በእረፍት ሰዓቴ መሪው ላይ ተደፍቼ ተኝቻለሁ፤ በሠራተኞች ክፍል ውስጥ አንድ እግሯ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ሚዛኔን ጠብቄ ተኝቻለሁ፤ አንድ ጊዜማ የጥርስ ሐኪሟ አፌን አስከፍታ እየሠራችኝ ሳለ ጭልጥ ብዬ ተኝቼ፣ ሴትዮዋ ከጎን ክፍል ያሉትን ሐኪሞች ጠርታ አሳይታኛለች። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው «ምን ላይ ልተኛ?» በሚል ጥያቄ ትዳሩ ሽማግሌ ፊት ይቀርባል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ቀረበ። ያውም ሁለት ሽማግሌ፣ በሙሉ ሱፍ፣ በእሑድ ቀን፣ ሳን ሆዜ ድረስ ሄጄ።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ባለቤቴ ትርሲት ትባላለች። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐኪሟ «ስኳርሽ አፋፍ ላይ ነው፤ ተንቀሳቀሺ» አላት። ሌላው ሰው እንዲህ ሲባል ሁለት ቀን ሊፍቱን ትቶ በደረጃ ይወጣና በሦስተኛው ቀን ይረሳዋል። እኔ እንደዚያ ነኝ። ትርሲት ግን ሐኪም ያላትን ነገር እንደ ንስሐ አባቷ ቃል ነው የምትይዘው። ሊንዳ ከምትባል የሥራ ባልደረባዋ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ከኦክላንድ በላይ ባለው የሬድውድ ጫካ መሄድ ጀመረች። መጀመሪያ አንድ ሰዓት ነበር፤ ከዚያ ሦስት ሆነ፤ ከዚያ ጠዋት ወጥታ ማታ መመለስ መጣ። የቤታችን መግቢያ በጭቃ ጫማ ተሞላ። ትርሲትም እግሯ እየጠነከረ፣ ፊቷ እየፈካ ሄደ። እኔ ደግሞ ሶፋው ላይ ሆኜ «ጎበዝ!» እያልኩ አበረታታት ነበር። የኔ ድርሻ ይኸው ነበር፤ በደንብም ተወጥቼዋለሁ።

አንድ ሐሙስ እራት ላይ፣ «በነሐሴ ታሆ ሐይቅን ልዞረው ነው» አለችኝ።

«በመኪና?»

«በእግር። ተራራ ተራራውን።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሁለት ሳምንት።»

ጉርሻዬን መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት።

ዕቅዱ ከሊንዳ ጋር ነበርና ብዙም አልተጨነቅሁም። ወር ሳይሞላው ግን ትርሲት ከሥራ ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «ሊንዳ ጉልበቷን አሟታል። ስለዚህ ብቻዬን እሄዳለሁ» አለች።

«ብቻሽንማ አትሄጂም!»

«ታዲያ ማን ይሄዳል? አንተ እንደሆንክ አትችልም።»

ይህች «አትችልም» የምትባል ቃል ብዙ ወንድ ገደል ከታለች። «ድካም ይበዛብሃል» ብትለኝ ኖሮ እስማማ ነበር። «እግርህ ያሳዝነኛል» ብትለኝ ኖሮ እጇን ስሜ ሶፋዬ ላይ እቀር ነበር። «አትችልም» ስትለኝ ግን፣ አሁን እኔ ያልሆንኩ አንድ ሌላ ሰው በአፌ ውስጥ ሆኖ፣ «ማን? እኔ? ዴይ ኦፍ እሞላለሁ!» አለ። በማግሥቱ የፈቃድ ቅጹን ሞላሁ። አለቃዬ ወረቀቱን አይቶ «ኋይ?»፣ ለምን፣ ሲለኝ ጊዜ ትክክለኛው ጥያቄ መሆኑ ገባኝ፤ ግን ፈርሜያለሁ።

ረጅም የእግር ጉዞ ማለት፣ ኋላ እንደተረዳሁት፣ ከመሄዱ ይልቅ መመዘኑ ነው። ትርሲት የወጥ ቤቱን ሚዛን ሳሎን አምጥታ የምንይዘውን ዕቃ ሁሉ ትመዝን ጀመር። ካልሲ ተመዘነ። ማንኪያ ተመዘነ። አንድ ቀን ጠዋት ጥርሴን ልቦርሽ ስገባ የብሩሼ እጀታ ተቆርጦ ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ መቦረሽ ሆነብኝ። «ቅለት ነው» አለችኝ ከውጭ ሆና።

እንግዲህ ከሁሉ የከበደው ዕቃ መተኛው ነው። እሷ ሁለት ሰው የሚይዝ ድንኳን መርጣ ጨርሳለች። እኔ ደግሞ ከመግዛታችን በፊት ከሰው ተውሰን ብንሞክረው ይሻላል ብዬ፣ የሥራ ባልደረባዬን ግርማን፣ «ድንኳን አለህ እንዴ?» አልኩት። ግርማ በማኅበራችን ውስጥ የለቅሶ ድንኳንና ወንበር የሚይዘው እሱ መሆኑን ረስቼ። ቆቡን ቀስ ብሎ አወለቀና፣ «ማን ነው?» አለኝ።

«እኔና ትርሲት ነን።»

«ሁለታችሁም?!»

ይህንን እንኳ ወዲያው አስረዳሁት። ደግሞም ሳቅን። የኋለኛውን ስሕተት ግን ማንም ወዲያው የሚያስረዳ አልተገኘም።

የዚያን ቅዳሜ ትርሲት ሥራ ስለገባች ድንኳኑን አይተህ ና ብላ የጉዞ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ላከችኝ። ጠጉሯን ሹሩባ የተሠራች አንዲት ወጣት ሻጭ መጥታ፣ «ሳይድ ስሊፐር ነህ ወይስ ባክ ስሊፐር?» አለችኝ። በጎኔ ነው የምተኛው ወይስ በጀርባዬ ማለቷ ነው። ሰው እንደዚህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ ስለማያውቅ ደንግጬ፣ «ባስ ድራይቨር» አልኳት። አዘነችልኝ መሰለኝ። ወስዳ በሁለት ምሰሶ መካከል የተንጠለጠለ የጨርቅ አልጋ አሳየችኝ። ሃሞክ ይሉታል። «እስኪ ሞክረው» አለችኝ። ገባሁ። ጨርቁ ዙሪያዬን አቀፈኝ፤ ወገቤ ከስንት ዓመት በኋላ አመሰገነኝ። ስነቃ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተለዋውጦ ነበር። ልጅቷ ደግሞ ሰው እንዳይቀሰቅሰኝ «እየተሞከረ ነው» ብላ ከፊቴ ቆማ ነበር።

ሁለት ገዛሁ። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለትርሲት።

ለምን ሁለት እንደገዛሁ ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ያኔ ለእሷ አልነገርኳትም። እኔ በእንቅልፌ አውቶቡስ እነዳለሁ። በሕልሜ ሰው ዘሎ መንገድ ይገባል፤ ብስክሌት ይቆርጠኛል፤ እኔም ፍሬን እይዛለሁ። ፍሬኑ የትርሲት ባት ነው። እንዲያው ቀኑን ሙሉ ተራራ ስትወጣ የዋለች ሴት ሌሊቱን ደግሞ ፍሬን ሆና ማደር አለባት? እሷ በራሷ ሁለት ዛፍ፣ እኔ በራሴ ሁለት ዛፍ፣ ሰላም እናድራለን ብዬ ነው። ግን የኔ ዕድሜ ወንድ ደግ ነገር ሲያስብ እንደ ሕክምና ምክር አድርጎ ካልሆነ አይወጣለትም። ስለዚህ ቤት ገብቼ ሁለቱን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና፣ «ለየብቻ ብንተኛ ለጀርባ ጥሩ ነው ይላሉ» አልኩ።

ትርሲት ከረጢቶቹን አየች። እኔን አየች።

«ለየብቻ?»

«አዎ። ጀርባ ያፍታታል።»

«እሺ» አለች። ሴት ልጅ ያገባችሁ ሁሉ ያቺን «እሺ» ታውቋታላችሁ።

ከዚያ ለአንድ ሳምንት ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። እኔ ኢንተርኔት ላይ ገብቼ ሳነብ፣ ለካ ይህ ጠብ የኛ ብቻ አይደለም! ሃሞክ የሚሉና ድንኳን የሚሉ ሰዎች እንደ ኳስ ደጋፊ ተቧድነው ሲሰዳደቡ የሚያድሩበት ገጽ አለ። ሃሞክ መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆን አይጨንቀውም፤ ድንኳን ዛፍ ባይኖር አይጨንቀውም። ሃሞክ ከሥር ይበርዳል፤ ድንኳን በድንጋይ ይወጋል። እራት ላይ ያነበብኩትን ሳነብላት ትርሲት ዝም ብላ ትሰማኝና፣ «ድንኳን» ብላ ሳህኗን ታነሳለች።

በተግባር ላሳያት ብዬ አንድ ከሰዓት በኋላ ሃሞኬን ይዤ የሜሪት ሐይቅ ዳር ወረድኩ። ሁለት ጥሩ ዛፎች መርጬ አሰርኩ። ልጅቷ ሱቅ ውስጥ ደግፋኝ ነበር ለካ የገባሁት። እዚህ ግን በአንድ እግሬ ስገባ ሃሞኩ ወደ ሌላ ሄደ፤ በሁለት እግሬ ስገባ እኔ ወደ ሌላ ሄድኩ፤ በመጨረሻ ጀርባዬን ሰጥቼ ብቀመጥ ጨርቁ ተገልብጦ በግንባሬ ዝይዎች የተጸዳዱበት ሣር ላይ ጣለኝ። እነዚያ የሐይቁ ዝይዎች ሰው አይፈሩም። ስድስት ሆነው ከበቡኝና አንገታቸውን አዘንብለው አዩኝ። በሩጫ ያለፈ ጎረምሳ የጆሮ ማዳመጫውን ሳያወልቅ፣ «ዩ ጉድ?» አለኝ። «ጉድ!» አልኩት፣ ከመሬት። በአማርኛ ቢሰማውም ትክክል ነበር። የዚህን ዕለት ነገር ለትርሲት አልነገርኳትም።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ። ትርሲት ሳን ሆዜ የሚኖሩ አጎት አሏት፤ ጋሽ ታደሰ። ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ለእኔም የዳሯት እሳቸው ናቸው። ልጃችን ሊዲያም ትምህርቷን የምትማረው እሳቸው ቤት አንዲት ክፍል ይዛ ነው። አንድ ማታ ትርሲት ለሥራ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ስትሄድ ባቡር ውስጥ ሆና ለጋሽ ታደሰ ባለቤት ለእትዬ ብርሃኔ ደወለች። ዋናው ዓላማዋ፣ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ድንኳኑን ጓሯቸው ሣር ላይ ተክላ ልትለማመድ ፈቃድ ለመጠየቅ ነበር። ግን ብሶቷን አስቀደመች።

«እትዬ፣ ጉዴን አልሰሙም፤ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ለየብቻ እንተኛ አለኝ። ወስኗል። ዕቃውንም ገዝቶ መጥቷል…»

በዚህ ላይ ባቡሩ ከባሕሩ ሥር ካለው ዋሻ ገባና ስልኩ ተቋረጠ።

ትርሲት ስትወጣ ሥራ ረፍዶባት ስለነበር መልሳ አልደወለችም፤ «እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለታችንም እንመጣለን» ብላ መልእክት ብቻ ላከች። እንግዲህ እትዬ ብርሃኔ ያቺን ግማሽ ወሬ ይዘው ሦስት ቀን እንዴት እንዳደሩ አስቡት።

እሑድ እኔ ከኦክላንድ በኔ መኪና፣ ትርሲት ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ በእሷ መኪና መጣን። በሩን የከፈቱልን እትዬ ብርሃኔ ሁለት መኪና ሲያዩ ደረታቸውን መቱ። ሳሎን ስንገባ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ጋሽ ታደሰ ሱፍ ለብሰዋል። ከጎናቸው አቶ ኃይሉ ተቀምጠዋል፤ እዚሁ ካሊፎርኒያ ያለችው ኒውአርክ ነው የሚኖሩት፤ በቤይ ኤሪያ፣ በባሕረ ሰላጤው ዙሪያ፣ የተጣላ ባልና ሚስት ካለ እሳቸው ሳይሰሙ አይፋቱም። እሳቸውም ሱፍ ለብሰዋል። ሊዲያ ደግሞ ጥግ ላይ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። እኔ የልደት ቀን መስሎኝ፣ «እንኳን አደረሰዎ ጋሼ!» አልኩ። 

ተቀመጥን። አቶ ኃይሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ እኛ የመጣነው ልንፈርድ አይደለም። ብቻ ይህ የመለየት ነገር፣ እንዲያው ከየት መጣ?»

ትርሲት ነግራቸዋለች ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ገለልተኛ አካል ተገኘ!

«የሰው ምክር ነው አቶ ኃይሉ። አንዲት ልጅ ናት ያሳየችኝ።»

እትዬ ብርሃኔ «እግዚኦ!» ብለው በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

«ልጅ? ስንት ዓመቷ ነው?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ሃያ አምስት ቢሆናት ነው። ግን ጋሼ፣ ሥራዋን በደንብ ታውቃለች። ‹መጀመሪያ ሞክረው› ነው ያለችኝ። ሞከርኩት፤ እውነት እልዎታለሁ፣ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።»

ጋሽ ታደሰ ተነሡ። አቶ ኃይሉ ኮታቸውን ይዘው አስቀመጧቸው። ትርሲት ደግሞ እያየችኝ ነው፤ ስለ ሱቁ እንቅልፍ አልነገርኳትም ነበርና።

«ትርሲትስ ይህን ስታውቅ ምን አለች?» አሉ አቶ ኃይሉ፣ ትዕግሥታቸው እያለቀ።

«ለእሷም እኮ ገዝቼላታለሁ! ችግሩ እሷ ድንኳን ካልሆነ አለች።»

«ድንኳን?» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ገና ሳይሞት?»

ይህን ጊዜ ሊዲያ ፈነዳች። መሬት ላይ ቁጭ ብላ እየሳቀች፣ እንባዋ እየወረደ፣ «ጋሼ፣ ኖ! ኖ! ሃሞክ እኮ ነው! ካምፒንግ ነው የሚሄዱት! ካምፕ!» አለች።

«ካምፕ?» አሉ አቶ ኃይሉ። እሳቸው ሱዳን ሦስት ዓመት መጠለያ ውስጥ የኖሩ ሰው ናቸው። «ምን ገጠማችሁ? አሁን ደግሞ ከዚህ ማን አባረራችሁ?»

ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀ። ትርሲት ታሆን አስረዳች፤ እኔ ሃሞክን አስረዳሁ፤ ሊዲያ በስልኳ ፎቶ አሳየች። አቶ ኃይሉ በገዛ ፈቃዱ፣ ቤት እያለው፣ ሁለት ሳምንት ሜዳ ላይ የሚያድር ሰው መኖሩን ለመቀበል ትንሽ ቢቸገሩም፣ ከኒውአርክ ድረስ ነድተው መጥተው ያለ ዕርቅ መመለስ አልፈለጉም። «መልካም» አሉ። «ሱፍ ለብሰናል፤ ጉዳዩም ቀርቧል። ሁለታችሁም ዕቃችሁን አምጡና አሳዩን።»

ሁለታችንም ማስረጃችንን በየመኪናችን ይዘን ነበር። ጓሮ ወጣን። እኔ ሃሞኬን በቴምር ዛፋቸውና በበረንዳው ምሰሶ መካከል አሰርኩ። ትርሲት ደግሞ ከሊንዳ የተዋሰችውን ድንኳን ሣሩ ላይ በሰባት ደቂቃ ተከለች፤ ሊዲያ ሰዓት ይዛባት ነበር። ጋሽ ታደሰ ሃሞኩን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉና፣ «ደግፈኝ» አሉኝ። ጫማቸውን አውልቀው፣ ክራቫታቸውን አላልተው ገቡ። ጨርቁ ዋጣቸው። ከውስጥ፣ «ወይ ጉድ» የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ይኸው!» አልኩ፣ ወደ ትርሲት ዞሬ።

አቶ ኃይሉ በበኩላቸው ለፍትሕ ሲሉ በአራት እግራቸው ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። «ሰፊ ነው! እትዬ ብርሃኔ፣ ይምጡ እስቲ!» አሉ። እትዬ ገቡ። ትርሲትም ዚፑ እንዴት እንደሚዘጋ ልታሳያቸው ተከተለች። በዚህ መካከል አራት ሰዓት ተኩል… ማለቴ በኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ። ጋሽ ታደሰ ሣራቸውን የሚያጠጡት በሰዓት በሚሠራ ቧንቧ ነው። አንድ ጊዜ ከመሬት «ጭስስስ» አለና ከአራት ማዕዘን ውኃ ተነሣ።

ድንኳኑ ዝግ ነው። ውስጡ ያሉት ሦስቱ የዝናብ ድምፅ መስሏቸው ይስቃሉ። ጋሽ ታደሰ ግን ከሃሞኩ መውጫው ጠፋቸው። በወዲህ ሲሉ ጨርቁ ይጠቀልላቸዋል፣ በወዲያ ሲሉ ያወዛውዛቸዋል፤ ውኃው ደግሞ እንደ ሰዓት ቆጣሪ እየዞረ በየጊዜው ፊታቸውን ያጥባቸዋል። «ያዘኝ! አትያዘኝ! ቁረጠው!» ይላሉ። ሮጬ አቀፍኳቸው፤ ሃሞኩ ተገለበጠ፤ ሁለታችን ተቃቅፈን ጭቃው ላይ ወደቅን። ሊዲያ ቧንቧውን መዝጋት ሲገባት ቪዲዮ ታነሣ ነበር።

ፎጣ ለብሰን ሳሎን ስንመለስ ድንኳን ውስጥ የነበሩት ሦስቱ አንዲት ጠብታ አልነካቸውም። አቶ ኃይሉ ግን የማስረጃውን ነገር ትተው ድንገት ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ እንዲያው በእውነት፣ ለምንድን ነው ለየብቻ ያልከው? የጀርባውን ተወው።»

እርጥብ ሰው መዋሸት አይችልም። ተናገርኩ። ሕልሙን፣ ብስክሌቱን፣ ፍሬኑን፣ ባቷን። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትደክም ውላ በእኔ ምክንያት እንቅልፍ እንዳታጣ ብዬ ነው» አልኩ። ወደ ትርሲት አላየሁም።

ትርሲት ወደ ጋሽ ታደሰ ዞረች። ከዚያ ለአጎቷ ነው የተናገረችው፤ ለእኔ ቢሆን አትናገረውም ነበር።

«ጋሼ፣ እሱ አሥራ አራት ዓመት የሌሊት ሺፍት ነዳ። እኔ ቀን እሠራ ነበር። እኔ ስነሣ እሱ ይተኛል፤ አልጋው አይቀዘቅዝም ነበር። አምና እሱ ወደ ቀን ሲዞር እኔን ደግሞ ማታ መደቡኝ። በሳምንት አንድ ሌሊት ነው አብረን የምናድረው። በሌላው ቀን ቤት ስገባ እሱ ወጥቷል፤ ማንም አይረግጠኝም፤ ግን ፍጥጥ ብዬ ነው የምውለው። ሁለት ሳምንት ተከታትሎ አብሮ መተኛት…» አለችና ሊዲያን አየች። «ልጅ ከወለድን ወዲህ አላየነውም።»

 የረጠበው ፎጣዬ ብቻ ጠብ ጠብ ይላል።

«ማም፣ ስለ ሊንዳም ንገሪው» አለች ሊዲያ።

«ሊንዳ ደግሞ ምን ሆነች?» አልኩ።

ትርሲት ነጠላዋን አስተካከለች። «ሊንዳ ጉልበቷ ደህና ነው» አለች። «ከባለቤቴ ጋር ልሄድ እፈልጋለሁ ብዬ ነግሬያት ነው። ‹ና አብረን እንሂድ› ብልህ ሶፋው ላይ ሆነህ ‹ጎበዝ› ትለኝ ነበር። ‹አትችልም› ስልህ ግን እንደምትነሣ አውቅ ነበር።»

እኔ እንግዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በቤቴ ውስጥ የምወስነው እኔ ነኝ ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ሳን ሆዜ ውስጥ፣ በሰው ፎጣ ተጠቅልዬ፣ ደስ ብሎኝ ተሸነፍኩ።

አቶ ኃይሉ ብይን ሰጡ፤ ድንኳን። ጋሽ ታደሰም ይግባኝ አላሉም፤ ብቻ፣ «ሃሞኮቹ ለማስረጃ እዚሁ ይቆዩ» አሉ። «ሁለቱም?» ስላቸው፣ «ብርሃኔስ?» አሉኝ ተቆጥተው። እስካሁን እዚያው ናቸው። የሣሩ ቧንቧ ሰዓትም ተቀይሯል።

በነሐሴ ሄድን።

ስለ መንገዱ ብዙ አላወራም፤ ምክንያቱም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከትርሲት ተረከዝ ሌላ ያየሁት ነገር የለም። ሐይቁ ከታች ሰማያዊ ሆኖ ይታያል ይላሉ፤ ይታይ ይሆናል። እኔ የማውቀው ቀና ስል ወደ ላይ የምትሄድ አንዲት ሴት፣ ጎንበስ ስል የራሴን ትንፋሽ ነው። እሷ በየኩርባው ቆማ ትጠብቀኛለች። ልክ ስደርስ፣ «አረፍክ?» ትለኝና ትሄዳለች። እሷ ያረፈችውን ነው ለካ የምትቆጥርልኝ።

የቤት ወሬ በሁለተኛው ቀን አለቀብን። ሊዲያን አወራን፣ ሥራ አወራን፣ የሚፈሰውን የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ አወራን፤ ከዚያ ዝም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ጠቆረና በረዶ ይወርድ ጀመር፤ ሽምብራ ሽምብራ የሚያህል። ትርሲት «ያዝ!» አለች፣ ያዝኩ፤ «ትከል!» አለች፣ ተከልኩ። ተንከባልለን ገባን። ሁለት ሰው የሚይዝ ሲባል ሁለት ሰው ብቻ ማለት ነው ለካ፤ አንድ እጅ እንኳ ትርፍ አይዝም። ከላያችን በረዶው ይንጣጣል፤ እኛ አገጫችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን አንድ የለውዝ ከረጢት በመካከላችን ይዘን ተቀምጠናል። የምንሄድበት የለም። ሰዓት የሚጠብቅ ሺፍት የለም።

«እና?» አለችኝ ትርሲት።

«እና ምን?»

«አንድ ነገር አውራኝ። የማላውቀውን።»

ምን አለኝ ብዬ ሳስብ ቆየሁና የሜሪት ሐይቅ ዝይዎችን ነገርኳት። ከግንባሬ እስከ «ዩ ጉድ?» ድረስ። ትርሲት ድንኳኑ እስኪወዛወዝ ሳቀች፤ ለውዙ ተበተነ። ከዚያ እሷ ደግሞ የምትንከባከባቸው አንዲት የዘጠና ዓመት አሮጊት ሁልጊዜ ማታ «ባልሽ ቆንጆ ነው?» እያሉ እንደሚጠይቋትና እሷም በየቀኑ የተለየ መልስ እንደምትሰጥ ነገረችኝ። «አንድ ቀን ፓይለት ነው ብያቸዋለሁ» አለች። በረዶው ሲያባራ ሁለታችንም አላወቅንም። ያን ማታ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተኛን። ፍሬን መያዝ አለመያዜን አላውቅም፤ ጠዋት ብጠይቃት፣ «እኔ ምን አውቄ፤ ተኝቼ» አለችኝ።

በሰባተኛው ቀን መንገዱ ከመኪና መቆሚያ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ደረስን። ሊዲያ የቀረውን ምግብ ይዛልን መጥታ ትጠብቀን ነበር። አባቷ ሲያነክስ አየች። ጫማዬን አስወለቀችኝ፤ ሁለቱ ትላልቅ የእግሬ ጥፍሮች ጠቁረዋል። አንዱ ሊወድቅ ነው።

«ዳድ፣ ኦኬ ነው። ግማሹን ሠርተሃል። ከኔ ጋር እንመለስ። ማም ከዚህ ወዲያ ብቻዋን ትችላለች» አለች።

የመኪናውን በር ከፈተችልኝና ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ያ ወንበር! በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ለስላሳ ነገር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ኤርኮንዲሽኑ ይነፍሳል። ሊዲያ ቀዝቃዛ ሶዳ ይዛልኝ መጥታለች። ዓይኔ መክበድ ጀመረ፤ ልማዴን ታውቃላችሁ።

ትርሲት ምግቡን ወደ ቦርሳዋ እያሸጋሸገች ነበር። «ና» አላለችም። «አትችልም»ም አላለችም። ጨርሳ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገችና ወደ መኪናው መጥታ በመስኮት አየችኝ።

«ብትሄድ አልቀየምህም» አለች። «እግርህን አይቼዋለሁ። ብቻ ቀድሜ ደርሼ ድንኳኑን ተክዬ ስጨርስ፣ ‹አሁን መጣ፣ አሁን መጣ› እያልኩ ወደ ኋላ ማየት ለምጃለሁ።»

ሶዳውን በአንድ ትንፋሽ ጠጣሁ። ጠርሙሱን ለሊዲያ መለስኩላት። ሊዲያ እኔን አየች፣ እናቷን አየች፣ ከዚያ ካልሲዬን አቀበለችኝ። ጥፍሬን በፕላስተር ጠቀለልኩ። ጫማዬን ሳስር ወገቤም፣ ጉልበቴም፣ ማንም ያልነካው ትከሻዬም ጮኸ።

ቦርሳዬን አንሥቼ ከመኪና መቆሚያው ወጣሁና ትርሲትን ቀደምኳት። እስከ መጀመሪያው ኩርባ ድረስ።